ሰባት ጠዋት በሸማ ተራ ጣሪያ

መስከረም 3 ቀን 2011

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኛ ስልክ ልመዘግብበት ነበር። ደንበኛው ካነሰ ንዴቴን ልመዝግብበት።

ፈለቀ ዛሬም መጣ። ወንድሜ ነው፣ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ከምጠመጥምበት ሱቄ ጎን ጆግና ባልዲ በጅምላ ይሸጣል። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች የአባባ ነበሩ፤ በመሃላቸው አንድ ግድግዳ ነው ያለው። አባባ ሲሞት እኩል አካፈለን። ፈለቀ ግድግዳውን ማፍረስ ይፈልጋል። "ሰብሊ፣ ዲናሞ ጥምጠማ ድሮ ቀረ። ሰው አዲስ ይገዛል እንጂ ማን ያስጠመጥማል? ቦታውን ልቀቂልኝ፣ ከትርፉ አካፍልሻለሁ።" ረጋ ብሎ ነው የሚለው። እኔን የሚያናድደኝ ርጋታው ነው። ቢጮህ እኔም እጮህ ነበር።

ከሱ ይልቅ የማርሱ ወሬ ይሻላል። ኦፖርቹኒቲ የሚባለው ሮቦት ከሰኔ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቷል። ፕላኔቷን በሞላ አቧራ ሸፈናት፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው በፀሐይ ነው። አሁን አቧራው እየጠራ ስለሆነ ናሳዎች አርባ አምስት ቀን አጥብቀው ሊጠሩትና ሊያዳምጡት ነው።

እዚያ ያረፈው በጥር 1996 ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አባባ "ሴት ስትጠመጥም ያየ ደንበኛ ይሸሻል" እያለ ሲያንገራግር ከርሞ በዚያ ሳምንት ወንበሩን ለቀቀልኝ። ትንሿ ቴሌቪዥን "ሮቦቱ የተሠራው ለዘጠና ቀን ነው" ስትል ሰማና "አንቺንም ዘጠና ቀን ሰጥቼሻለሁ" ብሎ ሳቀብኝ። ይኸው አስራ አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል፣ እሱም እኔም። ባለዘጠና ቀኑ እያልኩ ነው የምጠራው። እሱ ሞተ ሲሉኝ አላምንም፤ ዲናሞ ጥምጠማ ሞተ ሲሉኝም አላምንም።

መስከረም 24

መስቀልን አገር ቤት፣ ቸሃ አሳልፈን ተመለስን። እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ የታመቀ ጠብ መስቀል ላይ ሽማግሌ ፊት ይወጣል፤ ተኳርፎ ክትፎ አይበላም። ፈለቀ ያቺን ቀን ጠብቆ የሱቁን ነገር ጋሽ ሀብተ ወልድ ፊት አቀረበው። ጋሽ ሀብተ ወልድ የአባባ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ሸማ ተራ ጋቢ ይሸጣሉ። ቃላቸውን የሚጥስ እስካሁን አልተወለደም።

እኔም የራሴን አቀረብኩ። የቴክኒክ ኮሌጅ መምህሩ ኢዩኤል ክረምት ላይ ሱቄ መጥቶ ነበር። "ማርስ ላይ እንዳሉት በራሱ የሚነቃ፣ የሚሄድ፣ ፎቶ የሚልክ ማስተማሪያ ከሠራሽ አስር እናዝሻለን። ግን ሰባት ቀን ሰው ሳይነካው ሲሠራ ማየት አለብኝ" አለኝ። አስር ማለት የዓመት ሥራ ነው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴማ እንባዋን ጠረገች። "መርካቶ የጠፋው ማርስ ብቻ ነበር!" አለ ፈለቀ። ያልሳቁት ጋሽ ሀብተ ወልድ ብቻ ናቸው።

"እስከ ጥር ሠላሳ" አሉ። "የእኔ ሱቅ ጣሪያ ላይ ይውጣ። መሰላሉን እኔ አነሳዋለሁ፣ ማንም አይነካውም። ሰባት ጠዋት በተከታታይ ነቅቶ በየቀኑ አንድ ክንድ ከሄደ ሱቁ የሰብለ ነው፣ ግድግዳው አይነካም። ካልሆነ ቁልፉን ለወንድምሽ ታስረክቢያለሽ።"

ፈለቀ እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ፣ ከሱ ጮክ ብዬ። ከዚያ ክትፎው ቀረበ።

ጥቅምት 9

ቸኩያለሁ። ስድስት የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር አገኘሁ፤ አራቱ የተቃጠሉ። ጠመጠምኳቸው። አካሉ ከልብስ ማጠቢያ ላሜራ። ቡሎን አነሰኝ። ጣቴን ቆረጥኩ።

ተሸካሚዎቹ ሰምተዋል። አንዱ በሱቄ ሲያልፍ "እትዬ፣ ለማርስ ተሸካሚ ከፈለጉ አለሁ" አለኝ። "ና፣ መመለሻህን ግን አልችልም" አልኩት።

ጥቅምት 16

ባትሪውን ከሀያቱ ወሰድኩ። ሀያቱ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ባትሪና ሶላር ይሸጣል፤ አስር ዓመት ተዋውቀናል። ምናለሽ ተራ ላገለገለ እቃ ደረሰኝ የለም፣ ዋስትና የለም። ዋስትናው የሻጩ ስም ነው። ባትሪውን መታ መታ አደረገና "ይሄ ካሳፈረሽ ሀያቱ ብለሽ አትጥሪኝ" አለኝ።

ጥቅምት 21

አርባ አምስት ቀኑ አለቀ። ባለዘጠና ቀኑ አልመለሰም። ግን ማዳመጣቸውን አልተዉም፤ ንፋስ የሚበዛበት ወቅት እየመጣ ስለሆነ አቧራውን ያራግፍለታል ብለው ተስፋ አድርገዋል። ጎሽ! እንዲህ ነው ሰው።

ፈለቀ ዛሬ አንድ ሰውዬ ይዞ መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ ሲያንኳኳለት ሰማሁ። "ብሎኬት ነው፣ በግማሽ ቀን ይወርዳል" አለ ሰውዬው። ከዚህኛው ወገን በመዶሻ መለስኩላቸው።

ሕዳር 9

ወጣ! ሦስት ጆንያ ቀይ አሸዋ አሸክሜ የጋሽ ሀብተ ወልድ ጣሪያ ላይ አፈሰስኩ። "ጋቢዬን ማርስ አደረግሽው" ብለው ተቆጡ። ዘበኛቸው አሸብር ሲያየው "ይሄ ኤሊ ነው እንጂ ሌላ አይደለም" አለ። ስሙ ኤሊ ሆኖ ቀረ።

ሰዓቱን ከስልኬ እያየሁ ሞላሁለት። ጠዋት አንድ ሰዓት እንዲነቃ 1:00፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት እንዲተኛ 10:00 ብዬ አዘዝኩት። ሲነቃ አንድ ክንድ ይሄዳል፣ ፎቶ አንስቶ በሲም ካርዱ ይልክልኛል፣ ከዚያ ፀሐይ እየጠጣ ይውላል። ሲተኛ ሶላሩም ይዘጋል። ፀሐይ ሳለ ብቻ ነውና የሚነቃው ባትሪው አይጎዳም። ሱቅ ውስጥ በጣቴ እያስነሳሁ ሃያ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

መሰላሉ ተነሳ። ከዚህ በኋላ እኔም እንደ ናሳዎቹ ነኝ፤ መጠበቅ ብቻ።

ሕዳር 10

ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬን ስከፍት መልእክት አለ! "ነቅቻለሁ" ይላል። የገባበትን ሰዓት አየሁ፦ 1:00። ልክ እንዳዘዝኩት፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ! እልል ብዬ ተሸካሚዎቹን አስደነገጥኳቸው።

ፎቶው ግን ጥቁር ነው። ምንም የለበትም። ሌንሱን ጤዛ ይዞት ይሆናል።

ጋሽ ሀብተ ወልድ በደረጃው ጫፍ ባለችው መስኮት አይተው "ሄዷል" አሉ። አሸብር ደግሞ "ጣሪያው ላይ አይጥ ገብቷል፣ ሌሊት ሲንኳኳ አደረ" ሲላቸው ሰማሁ። ድመት ሊያመጡ ነው። እኔ ሸማ የምሸጥ ብሆን አይጥ በቀላሉ አላይም ነበር።

ሕዳር 11

1:00 ላይ ነቅቷል። ሄዷል። ፎቶው አሁንም ጥቁር ነው። ይሄ ካሜራ ዋጋውን ያገኛል።

ሕዳር 12

ሕዳር ሲታጠን። አገሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጠለ። መርካቶ ጎማው፣ ካርቶኑ፣ ፌስታሉ በየተራው ነደደ፤ ከሱቄ በር ሲኒማ ራስ አልታይ አለ። "ጣሪያ ላይ በፀሐይ የሚኖር ነገር አለኝ፣ እባካችሁ" ብዬ ለመንኩ። "እትዬ፣ በሽታ የሚወጣበት ቀን ነው፣ ለኤሊ ብለን እንተወው?" አሉኝ።

ጠዋት 1:00 ላይ ልኳል። ጥቁር። የባለዘጠና ቀኑ የመጨረሻ ፎቶ እንዲሁ ጥቁር ነበር፣ አቧራው ፀሐይዋን ጋርዶበት። አላማረኝም።

ሕዳር 13

አልላከም።

ሕዳር 14

አልላከም። ጋሽ ሀብተ ወልድ መሰላሉን አቆሙልኝ። ሶላሩ ላይ ስስ አመድ አለ፤ በቀሚሴ ጠረግኩት። ባትሪው ባዶ ነው፣ ጠብታ የለውም። አንድ ቀን ጭስ ጤነኛ ባትሪ አይገድልም። አይገድልም!

ሦስት ጠዋት። ፈለቀ ሻይ ላከልኝ። ከነብርጭቆው መለስኩት።

ሕዳር 15

ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ገበያው በሞላበት፣ ቅዳሜ ረፋድ። ባትሪውን የሀያቱ እግር ሥር አስቀመጥኩና አፌ ያመጣውን ሁሉ ነገርኩት። የሞተ ባትሪ ቀብተህ ሸጥክልኝ አልኩ። አስር ዓመት የበላነውን እንጀራ ረገጥከው አልኩ። ሌባ አልኩ።

ሀያቱ አልጮኸም። "ወላሂ ባትሪው ጤነኛ ነው" አለ፣ ደጋግሞ። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መዶሻቸውን አቁመው ያዩን ነበር። አንድ የክሊኒክ ሰውዬ ለቀዝቃዛ መድኃኒት ማስቀመጫው ስምንት ባትሪ ሊገዛ ቆሞ ሲያስለካ ነበር። ስመለስ ዞር ብዬ አየሁ። ሰውዬው የለም።

ጥሩ አድርጌያለሁ። የዋሸ ይፈር።

ሕዳር 18

ትናንት ማታ ናሳዎቹ ማርስ ላይ ሌላ ማሽን አሳረፉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሲተቃቀፉ በስልኬ አየሁ። አዲሱ ደርሶ ሁሉም አጨበጨበ፤ አሮጌውን የጠየቀ የለም። "ሰው አዲስ ይገዛል" ነበር አይደል ያልከው ፈለቀ? እኔ ግን ስለ ባለዘጠና ቀኑ ፈልጌ አነበብኩ። ዛሬም እየጠሩት ነው።

ታኅሣሥ 6

ከሌላ ተራ ሌላ ባትሪ ገዛሁ፣ ትልቁን። ካሜራውንም ቀየርኩ። ሰዓቱን አልነካሁትም፣ እሱማ ደቂቃ አልሳተም። ነገ ይወጣል።

ወደ ምናለሽ ተራ በሚወስደው መንገድ አልሄድም፤ በራጉኤል ዞሬ ነው የማልፈው። ይረዝማል። ይርዘም።

ታኅሣሥ 9

ሁለት ጠዋት። 1:00፣ 1:00። አዲሱም ካሜራ ጥቁር ይልካል። እንዴት ሁለት ካሜራ ባንዴ ይታወራል?

አሸብር አይጧ ተመልሳለች ይላል። "ያች ድመት እኮ ምንም አልሠራችም፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ትጀምራለች።" ድመቷን ነው አይጧን፣ አልጠየቅኩትም።

ታኅሣሥ 12

አምስተኛው ጠዋት አልላከም። ይሄኛውም ባትሪ ሞተ። ይሄኛውም ሻጭ ሌባ ነው።

መርካቶ ውስጥ ስንት ሌባ አለ?

ታኅሣሥ 20

ተሸካሚዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ሀያቱ ግማሽ ሱቁን ለጫማ ሻጭ አከራይቷል አሉ። ክሊኒኩ ስምንቱን ባትሪ ከሌላ ነው የገዛው። ሌሎችም "ያች ዲናሞ ጠምጣሚ የሰደበችው" እያሉ ያልፉታል።

እኔ ምን አገባኝ? ብዬ ሦስት ጊዜ አልኩ። ከዚያ ምሳዬን አልበላሁም።

ጥር 5

ፈለቀ ሜትር ይዞ መጣና የእኔን ወገን ለካ። "ለመደርደሪያው ነው፣ ኋላ እንዳልቸኩል" አለ። የአባባን ወንበር አልፎ ሲለካ ሜትሩን በፒንሳ ቆረጥኩበት። ቆሞ አየኝ። "ሰብሊ፣ እኔ እኮ ጠላትሽ አይደለሁም" አለ። ይሄን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ እሱ ከወጣ በኋላ ግን።

አልሰጥም። ሃያ አምስት ቀን አለኝ።

ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ሁሉም በነጭ በነጭ ሲመለስ እኔ ጥቁር ዘይት በእጄ ይዤ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ሞተሮቹን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ምንም ጥፋት የላቸውም። ሽቦው ደህና። ሶላሩ ደህና። ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ግን ይሞታል። እብድ ልሆን ነው።

ጥር 18

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ባለዘጠና ቀኑ ካረፈ አስራ አምስት ዓመት ሞላው። ሰሞኑን አዲስ ዓይነት ትእዛዝ እየላኩለት ነው። ያልመለሰበትን ምክንያት ሦስት አድርገው ገምተዋል። አንድም ዋናው ሬዲዮው ተበላሽቶ። አንድም ዋናውም ተጠባባቂውም ተበላሽቶ። አንድም የውስጥ ሰዓቱ ተዛብቶበት፣ መቼ ነቅቶ መቼ እንደሚሰማ ጠፍቶበት።

ሰዓቱ።

ስልኬን አየሁ። 19:25 ይላል። በአፌ "አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት" አልኩ። እንዲህ ነን ሁላችንም፤ ዓይናችን የፈረንጁን ያያል፣ አፋችን የእኛን ይናገራል፣ መሃሉን ማንም አያስበውም። የኤሊን ሰዓት ከስልኬ ስሞላ የሞላሁለት የፈረንጁን ነው። ተነስ ስለው ግን ከራሴ አውጥቼ የእኛን አንድ ሰዓት ሰጠሁት። ማሽን ምን ያውቃል? ለሱ 1:00 ማለት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ተኛ ያልኩት 10:00 ደግሞ ጠዋት አራት ሰዓት ነው።

ምስኪን ኤሊ! በድቅድቅ ጨለማ አስነስቼ ሂድ አልኩት፣ ፎቶ አንሳ አልኩት። አነሳ። ጨለማውን አንስቶ ላከልኝ። ካሜራው አልታወረም፣ እኔ ነኝ የታወርኩት። ፀሐይ ስትሞቅ ደግሞ ተኛ አልኩትና ሶላሩን ዘጋሁበት። በጣሪያው ላይ አይጥ አልነበረም፤ አሸብር ሰዓቱን ጭምር ነግሮኛል እኮ! ስልኬ ላይ 1:00 የሚለውን አይቼ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

ባትሪው ጤነኛ ነበር። የሀያቱም፣ የዚያኛውም።

እንግዲህ እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ይህንንም ልጻፍ። ሰዓቱን ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። 7:00 እና 16:00 ብዬ ነገ ባወጣው፣ ሰባት ቀን ቢሠራ፣ ሱቄ ተረፈ። ማንም አያውቅም። ለጋሽ ሀብተ ወልድ ጥፋቱ የእኔ ነበር ብዬ ከነገርኩ ፈለቀ "ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ በቃ" ሊል ይችላል። ባትሪ ቀየርኩ ብል ያምኑኛል። ሀያቱ ብቻ ነው እውነቱን የሚያውቀው፣ እሱን ደግሞ እኔ ሰው እንዳያምነው አድርጌዋለሁ።

እንዲህ አሰብኩ። እኔ፣ የአባባ ልጅ።

ጥር 20

ትናንት እሁድ ስለነበር ተቃጥዬ ዋልኩ። ዛሬ ገበያው እስኪሞላ ጠብቄ ሄድኩ። የሰደብኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። የሀያቱ ሱቅ እውነትም ግማሹ ጫማ ሆኗል።

"ሀያቱ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ።

"አልሰማሁሽም" አለ። "ያን ቀን ድምፅሽ ከዚያ ማዶ ይሰማ ነበር።"

ጮህኩ። "ባትሪው ጤነኛ ነው! ሰዓት መሙላት ያቃተኝ እኔ ነኝ! ሌባ ያልኩት በሐሰት ነው!" ቀጥቃጮቹ መዶሻቸውን እንደገና አቆሙ። አንዱ "እትዬ፣ ሰዓት ሳያውቁ ነው ማርስ የሚሄዱት?" አለና ተራው ሁሉ ሳቀ። ይሳቁ። ይገባኛል። ደገምኩት፣ እስኪደክመኝ።

ሀያቱ ወደ ላይ አሳየኝ። ከሱቁ አምፖል የወረደ ሽቦ እዚያው እግሩ ሥር የጣልኩት ባትሪ ላይ ታስሯል። "ሁለት ወር ሱቄን ያበራው እሱ ነው" አለ። "ላለፈ ላገደመው ሁሉ አሳያለሁ። አያምኑም።" ፈታና ሰጠኝ። "ውሰጂው። ይሄው ራሱ ይውጣ፣ ሌላ አይደለም። አላህ ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ገና ነኝ።"

ከዚያ ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ ለሰውዬው ነገርኩት። አዳመጠኝ። "እኛማ ገዝተናል፣ እህቴ" አለኝ። ያንን ገበያ ለሀያቱ የምመልስበት መንገድ የለኝም።

ጥር 21

ጋሽ ሀብተ ወልድ ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። ፈለቀ እንደፈራሁት "ሁለት ጊዜ ሞክራለች፣ ሁለቴም ወድቃለች" አለ።

"ጥር ሠላሳ አልኩ እንጂ ስንት ጊዜ አላልኩም" አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ። ወደ እኔ ዞሩ። "ለባለባትሪው ነግረሽዋል?"

"ነግሬዋለሁ።"

"አውቃለሁ። ሸማ ተራ ድረስ ተሰምቷል።" መሰላሉን ራሳቸው ይዘው ወጡ። አሸብርን ጠርቼ ከጎኔ አቆምኩትና ሰዓቱን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግኩ። ሰባት። አስራ ስድስት። "አይጧ ይቺ ነበረች?" አለ፣ ኤሊን እያየ። ድመቷን ሊመልሳት ነው።

ጥር 22

7:00። ፎቶ! ቀይ አሸዋ፣ የጣሪያው ጠርዝ፣ ከዚያ ወዲያ የራጉኤል ጉልላትና የአንዋር መስጊድ ሚናራ ጎን ለጎን፣ ፀሐይ ከጎን እየመታቸው። ማርስ ይህን የመሰለ ነገር የላትም። ለመምህር ኢዩኤል ላክሁለት። ለሀያቱም ላክሁለት። ሀያቱ አልመለሰም።

ጥር 23

ነቅቷል። ሄዷል።

ጥር 24

ነቅቷል። ፈለቀ በር ላይ ቆሞ "መጣ?" አለ። "መጣ" አልኩት። ወደ ጆጎቹ ተመለሰ።

ጥር 25

ነቅቷል። ጭጋግ አለ። እንቅልፍ አጣሁ እንጂ እሱ ደህና ነው።

ጥር 26

አልላከም! አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ምንም። ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣሁ። ጋሽ ሀብተ ወልድ በመስኮቷ እያዩ "ሄዷል እኮ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ። ሲም ካርዱ ሒሳብ አልቆበት! ከስልኬ አስተላለፍኩለት፤ ወዲያው ፎቶው ገባ። ለማርስ ካርድ የሞላሁ የመጀመሪያዋ የመርካቶ ሰው እኔ ነኝ።

ጥር 27

ስድስት። አልጽፍም፣ ዓይን እንዳይበላብኝ።

ጥር 28

ሰባት።

መሰላሉ ቆመ። መምህር ኢዩኤል መጣ፣ ፈለቀ መጣ። አሸብር ወንበር አመጣ፤ ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ሀብተ ወልድ ኩታ እንደሚለኩት በክንዳቸው አሸዋው ላይ ያለውን የጎማ መንገድ ለኩ፤ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው፣ አንድ፣ ሁለት፣ እያሉ። ሰባት ክንድ ከስንዝር። ተነሱና ጉልበታቸውን አራገፉ። "ሱቁ የሰብለ ነው" አሉ።

ፈለቀ የአባባን ትርፍ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገው። ለካ ይዞት ይዞር ነበር። "ግድግዳው ይቁም" አለ። "መዶሻሽን ግን ቀንሺው፣ ደንበኛ ይሸሽብኛል።"

"አልቀንስም" አልኩት።

የካቲት 2

መምህር ኢዩኤል አስሩን አዘዘኝ። የአስሩም ባትሪ ከሀያቱ ነው የሚገዛው፤ ለኮሌጁ ደብዳቤ ውስጥ አስገባሁት። ስነግረው "ደረሰኝ የለኝም" አለ። "ስምህ ይበቃል" አልኩት። ፈገግ ሊል ሲል ተወው። ገና ነው።

የካቲት 7

ትናንት ማታ ባለዘጠና ቀኑን ተሰናበቱት። ከሺህ በላይ ጊዜ ጠርተውታል። የመጨረሻውን ጥሪ ልከው፣ ጠብቀው፣ መልስ ሲያጡ በቃ አሉ። አቧራው ጀርባው ላይ ሰፍሮበት፣ ንፋስም ሳይመጣለት። ለዘጠና ቀን የተላከ አስራ አምስት ዓመት ሠራ፤ ማነው ወድቋል የሚለው? አለቀስኩለት፣ ሱቁን ከፍቼ፣ ደንበኛ እያየኝ። ያየኝ ይየኝ።

ኤሊ እስካሁን ጣሪያው ላይ ነው። ጋሽ ሀብተ ወልድ "ሰባቱ ሞልቷል፣ አውርጂልኝ፣ ጋቢ ማስጫ ቦታ አጣሁ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሰባት ቀን ተባለ እንጂ ከዚያ አቁም ያለው የለም እላለሁ። ዛሬ አስራ ስድስተኛው ጠዋት ነው።

የዛሬው ፎቶ ሰባት ሰዓት በፈረንጅ፣ አንድ ሰዓት በእኛ ገባ። ስከፍተው የራጉኤል ጉልላት የለም፣ ሚናራውም የለም። ምስሉን የሞላው የሰው ደረት ነው፤ የማውቀው ቡኒ ሹራብ፣ የታጠፈ እጅጌ፣ እጁ ላይ እርጥብ ጨርቅ። ጎንበስ ብሎ ሶላሩን እየጠረገ ነው። ፊቱ አይታይም፤ አያስፈልግም፣ ያን ሹራብ በአባባ አርባ ቀን ለወንድሜ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

ለባለዘጠና ቀኑ የጠፋው ይሄ ነበር። ጨርቅ የያዘ አንድ ሰው።

ሁለት ሰዓት ላይ ፈለቀ በሬ ላይ ብቅ አለ። "መጣ?" አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

"መጣ" አልኩት። ፎቶውን አላሳየሁትም። ሻይ ልኮልኝ ነበር፤ ጠጣሁት።